ኮንክሪት ይጠጣል

እንደምን አላችሁ? ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ፊቴ ያለው ጠረጴዛ ላይ ሁለት የኮንክሪት ቁራጮች አሉ። ሁለቱም የወጡት ከአንድ ግቢ ነው። በአንድ ቀን የተሞሉ፣ በአንድ ሠራተኛ እጅ የተሠሩ ናቸው። አሁን በሁለቱም ላይ ትንሽ ትንሽ ውሃ ላፍስስ። እዩት። በዚህኛው ላይ ውሃው እንደ ዶቃ ተድበልብሎ ቆመ። በዚያኛው ላይ ግን የለም። ቦታው ጠቆረ እንጂ ውሃው አይታይም። ኮንክሪቱ ጠጣው።

ለዛሬ ይዤ የመጣሁት ነገር ይሄው ነው። ኮንክሪት ይጠጣል። ብዙዎቻችን የሥራ ቦታችን ደጃፍ ላይ ያለውን ኮንክሪት እንደ ድንጋይ ነው የምናየው። ጠንካራ ነው፣ ምንም አይሆንም፣ በኃይል ቢፋቅም ይችላል እንላለን። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። ግቢ ማጽዳትና መጠገን መተዳደሪያዬ ከሆነ በኋላ ግን አንድ ነገር ደጋግሜ አየሁ። ቆሻሻው ከሚያደርሰው ጉዳት ይልቅ ቆሻሻውን ለማስለቀቅ የምንጠቀመው ጉልበት ብዙ ጊዜ ይብሳል።

እስቲ ከምን እንደተሠራ እንይ። ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠርና ውሃ ነው። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ውሃው ደርቆ ስለሄደ ይመስለናል። እውነቱ ሌላ ነው። ሲሚንቶው ከውሃው ጋር ተዋህዶ አዲስ ነገር ይሆናል። ሠራተኞች አዲስ የተሞላ ኮንክሪት ለቀናት ውሃ የሚያጠጡት ለዚሁ ነው። ውሃው ቶሎ ካለቀበት ውህደቱ ይቋረጣል። ግን ሲቦካ የሚጨመረው ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ሲሚንቶው ከሚፈልገው ይበልጣል። አለበለዚያ ደርቆ ለመሙላትም ለማስተካከልም አይመችም። ትርፉ ውሃ ቀስ እያለ ይወጣል። በወጣበት መንገድ ከፀጉር የቀጠኑ ቀዳዳዎች ይቀራሉ። ዘይቱ፣ ዝገቱ፣ የቅጠሉ ቀለም ወደ ውስጥ የሚገባው በእነዚያ ነው።

ሌላም አለ። ኮንክሪት ተሞልቶ ሲስተካከልና ሲለሰልስ ከላይ የሚቀረው ደቃቁ የሲሚንቶና የአሸዋ ቅልቅል ነው። ጠጠሩ ከሥር ይሆናል። ይህ የላይኛው ንብርብር ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው። እኔ የኮንክሪቱ ቆዳ እለዋለሁ። የምንረግጠውም፣ የምናጥበውም፣ ደንበኛ የሚያየውም ይህን ቆዳ ነው። ቆዳው ከተላጠ ሻካራ አሸዋ ብቅ ይላል። ሻካራ ነገር ደግሞ ቆሻሻ ይይዛል። ስለዚህ በኃይል የታጠበ ኮንክሪት ለዚያን ቀን ነጥቶ ያምራል። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ከድሮው ብሶ ይጠቁራል። ባለቤቱ ያኔ ምን ያደርጋል? የበለጠ ኃይለኛ ነገር ይፈልጋል። ብዙ ግቢ ያለ ጊዜው የሚያረጀው እንደዚህ ነው።

ይህን ያስተማረኝ የራሴ ጥፋት ነው። ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ የዝገት እድፍ እንዳስለቅቅ ተጠራሁ። ከብረት የአበባ ማስቀመጫ ሥር የወጣ ቡናማ ክብ ነበር። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሳላቀጥን አፈሰስኩበት። ኮንክሪቱ ተንጨረጨረ፣ አረፋ አወጣ። አረፋውን ሳይ ዝገቱ እየለቀቀ ያለ መሰለኝ። ይሟሟ የነበረው ግን ሲሚንቶው ራሱ ነው። ኮንክሪት በተፈጥሮው የአሲድ ተቃራኒ፣ አልካላይን የሚባለው ነው። አሲድነትን በሚለካው በፒኤች መለኪያ 7 መካከለኛ ነው፤ አዲስ ኮንክሪት ከ12 በላይ ነው። አሲድ ሲያገኘው ይበላዋል። አጠብኩት፣ ዝገቱ ጠፋ፣ ደስ ብሎኝ ሄድኩ።

በዓመቱ ስመለስ ያ ክብ ከደጃፉ ሁሉ የጠቆረው ቦታ ሆኗል። ቆዳው ስለተላጠ ያረፈበትን አቧራ ሁሉ ጠጥቷል። የአበባ ማስቀመጫውም እዚያው ተመልሶ ተቀምጧል። ሥሩ እንደገና ዝጓል። ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል። ቆዳውን ላጥኩ፣ የዝገቱን ምክንያት ግን ሳልነካው ሄድኩ። ከማስቀመጫው እግር ሥር ትንሽ ጎማ ብቻ ባደርግ ኖሮ ቢያንስ ዝገቱ አይመለስም ነበር።

ከዚያ ወዲህ እድፍ ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው ጥያቄ ተለውጧል። በምን ላስለቅቀው ከማለቴ በፊት ከየት መጣ እላለሁ።

መልሱ ብዙ ጊዜ ወደ ውሃ ይወስዳል። ስለዚህ ግቢያችሁን በደንብ ማወቅ ከፈለጋችሁ ዝናብ ሲዘንብ ውጡ። ጃንጥላ ይዛችሁ ሃያ ደቂቃ ያህል ቁሙ። የጣሪያው ውሃ የት ነው የሚወርደው? አሸንዳው ሞልቶ በግድግዳው በኩል ይፈሳል? የቱቦው አፍ በቀጥታ ኮንክሪቱ ላይ ይተፋል? አንድ ቦታ ላይ ለዓመታት የሚወርድ ውሃ ቆዳውን ቦርቡሮ ጠጠሩን ያወጣዋል። ዝናቡ ካቆመ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ ተመለሱ። የቱ ቶሎ ደረቀ? የቱ ላይ ውሃ ተኛ? የተኛበትን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ፀሐይ ሲወጣ ቦታው እንደ ሌላው ይመስላችኋል፣ ትረሱታላችሁ።

በደንብ የተሠራ የውጭ ኮንክሪት ከሕንፃው እየራቀ ሲሄድ በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ይህ ተዳፋት ካለ ውሃው ራሱ መንገዱን ያውቃል። ከሌለ ይተኛል። የተኛ ውሃ አልጌ የሚባለውን አረንጓዴ የሚያዳልጥ ነገር ያበቅላል። በስንጥቅ ገብቶ ከሥር ያለውን አፈር ያለሰልሳል፣ ይሸረሽራል። ኮንክሪቱ ከሥሩ ባዶ ሲሆን መኪና ሲያልፍበት ይሰምጣል፣ ይሰነጠቃል። አንድ ጥግ ላይ በየጥቂት ወሩ አልጌ የምታሳጥቡ ከሆነ የሳሙናውን ዓይነት መቀየር አይጠቅማችሁም። አሸንዳውን አጽዱ። የቱቦውን አፍ አራዝሙና ውሃውን ከደጃፉ አርቁ። ጥላ የጣለውን ቅርንጫፍ ቁረጡ፣ ፀሐይ ይግባ። ያን ሁሉ አድርጋችሁ ስታጥቡት ያጠባችሁት ይቆያል።

ስለ መጥረግ ብዙ አልልም፣ ሁሉም ያውቀዋል። አንድ ነገር ብቻ። በጫማና በመኪና ጎማ ሥር የገባ አሸዋ እንደ ሞረድ ነው። ሰው በረገጠው ቁጥር ቆዳውን ይሞርደዋል። ጠዋት ጠዋት በደረቁ የሚጠረግ ደጃፍ ማሽን የሚያስፈልገው ከስንት አንዴ ነው። የወደቀ ቅጠልም እርጥብ ሆኖ ሳይተኛ ይነሳ። ቅጠል ሲበሰብስ ቡናማ ቀለም ይለቃል፣ ቅርጹም ኮንክሪቱ ላይ ይታተማል።

ወደ ማጠቡ እንምጣ። መጀመሪያ ጥረጉ። ከዚያ ሳሙና ከመንካቱ በፊት ኮንክሪቱን በንጹሕ ውሃ አርጥቡት። ለምን? ደረቅ ኮንክሪት የመጀመሪያውን ያገኘውን ፈሳሽ ይጠጣል አላልኩም? ይጠጣ ካላችሁ ንጹሑን ውሃ ይጠጣ። ቀዳዳዎቹ በውሃ ሲሞሉ ሳሙናውና የለቀቀው ቆሻሻ ላይ ላዩን ይቀራል። ይህችን እርምጃ የሚዘሉ ብዙ ናቸው። ታጥቦ ሲደርቅ ዝንጉርጉር የሚሆነው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

ሳሙናው ለዘብ ያለ ይሁን። ለተለመደው አቧራና ጭቃ ተራ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። ለቅባት አልካላይን የሆነ የቅባት ማስለቀቂያ ይሻላል። ብሩሹ ጠንካራ የፕላስቲክ ፀጉር ያለው ይሁን። የሽቦ ብሩሽ ተዉ። ሽቦው እየተሰበረ ቀዳዳ ውስጥ ይቀርና ይዝጋል። በሳምንቱ ደጃፉ ላይ ትንንሽ ቡናማ ነጠብጣብ ይወጣል፣ ከየት እንደመጣም ማንም አያውቅም። ከፍ ካለው ወደ ዝቅተኛው ጀምሩ። በቁራጭ በቁራጭ ሥሩ፣ ሳሙናው ሳይደርቅ አለቅልቁ። ቀትር ላይ ኮንክሪቱ ሲግል አትጠቡ። ጠዋት ወይም ወደ ማታ ይሻላል።

የከፍተኛ ግፊት ማጠቢያ ማሽን ላይ ትንሽ ልቆይ። ይህ ማሽን በደንብ ከተያዘ እጅግ ጥሩ ነው። በመጥፎ እጅ ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ የሃያ ዓመት እርጅና ያመጣል። ለጤነኛ ኮንክሪት ከ2,000 እስከ 3,000 ፒኤስአይ (ማሽኑ ላይ የሚጻፍ የግፊት መለኪያ ነው) ያህል ግፊት በቂ ነው። ዋናው የሚያጸዳው የሚያለቀልቀው የውሃ መጠን ነው፣ ግፊቱን ብቻ አትቁጠሩ። ከማሽኑ ጋር የሚመጡ የተለያዩ አፍንጫዎች አሉ። ውሃውን በ25 ወይም በ40 ዲግሪ በትኖ እንደ ማራገቢያ የሚለቀውን አድርጉ። ውሃውን በአንድ ቀጭን መስመር የሚያወጣውን የዜሮ ዲግሪ አፍንጫ ኮንክሪት ላይ ፈጽሞ አታድርጉ። እንደ ብዕር ይጽፍበታል፣ ጽሑፉም አይጠፋም። ከ30 ሴንቲሜትር ያህል ርቃችሁ ጀምሩ። ካልለቀቀ ቀስ እያላችሁ ቅረቡ። አንድ ቦታ ላይ አትቁሙ፣ እጃችሁ ይንቀሳቀስ።

ታጥቦ ሲደርቅ የሜዳ አህያ የመሰለ ግቢ አይታችሁ ይሆናል። ነጭ መስመር፣ ጥቁር መስመር። እጅ የተደገመበትና ያልተደገመበት ነው። ሰፊ ቦታ ካላችሁ ከሥሩ የሚሽከረከሩ አፍንጫዎች ያሉት፣ እንደ ክብ ክዳን ያለ መግጠሚያ አለ። መሬቱ ላይ እንደ ሣር ማጨጃ ይገፋል። ርቀቱ ስለማይለዋወጥ አንድ ዓይነት ያጸዳል። ማሽን ለምታከራዩም ለምትከራዩም ሰዎች ከሁሉ በፊት ይህን መግጠሚያ ጠይቁ እላለሁ።

ስለ ደኅንነቱም ልናገር። ከዚህ ማሽን የሚወጣ ውሃ ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ቁስሉ ከላይ ሲታይ የመርፌ ቀዳዳ ያክላል፣ ሰው ይንቀዋል። ውስጡ ግን ይመርዛል። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂድ፣ ምን እንደሆነም በግልጽ ይንገር። በቤንዚን የሚሠራውን ማሽን ደግሞ ጣሪያና ግድግዳ ባለበት ቦታ አታስነሱ። የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። ጓንት፣ የዓይን መነጽርና ቦቲ ጫማ ሳይሟላ ሠራተኛችሁን አታሰማሩ። የእናንተ ደጃፍ ስለሆነ ኃላፊነቱም የእናንተ ነው።

አሁን እድፍ በእድፍ እንሂድ። ከሁሉም የሚያስቸግረው ዘይት ነው። የዕቃ ማራገፊያ፣ የመኪና ማቆሚያ፣ የቆሻሻ ገንዳ አካባቢ ሁሉ ይገኛል። ዘይት ሲፈስ ሰዓት ዋጋ አለው። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ። አትሹት፣ ውሃም አትድፉበት። ሁለቱም ያሰፉታል። ሰጋቱራ ወይም ደረቅ አሸዋ አፍስሱበት፣ ይምጠጥ፣ ጥረጉት፣ እንደገና አፍስሱ። ከዚያ በቅባት ማስለቀቂያና በሙቅ ውሃ እሹት። ዘይት የጠጣውን ሰጋቱራ ከሌላ ቆሻሻ ጋር ክፍት ቦታ አታከማቹ። ክዳን ባለው የብረት ዕቃ አድርጉ፣ እሳት እንዳይፈጥር። ቤንዚን ወይም ቲነር እንደመፍትሔ የሚነግራችሁን ሰው አትስሙት። ዘይቱን አቅጥኖ ወደ ጥልቁ ያስገባዋል፣ እሳቱም አለ።

የቆየ ዘይት ከሆነ መፋቅ ብዙ አይረዳም። ዘይቱ ውስጥ ነው ያለው፣ ብሩሹ ላይ ላዩን ነው የሚደርሰው። ያኔ የሚሠራው ልጥፍ ነው። ቅባት ማስለቀቂያውን ፈሳሽ ከሚመጥ ደቃቅ ዱቄት ጋር ለውሱት። ታልክ ወይም ካኦሊን የሚባለው ነጭ ሸክላ ይሆናል። እንደ ወፍራም ጭቃ ሲሆን እድፉ ላይ የጣት ውፍረት ያህል ለጥፉት። በፕላስቲክ ሸፍናችሁ ጠርዙን አጣብቁና አንድ ቀን ሙሉ ተዉት። ፈሳሹ ወደ ውስጥ ገብቶ ዘይቱን ያሟሟዋል። ከዚያ ፕላስቲኩን ግለጡ፣ ልጥፉ ይድረቅ። ሲደርቅ የሟሟውን ዘይት ወደ ላይ ይስበዋል። ገፍፋችሁ አጥቡ። አንድ ጊዜ ላይበቃ ይችላል፣ ሁለትና ሦስት ጊዜ ድገሙት። ይህን ዘዴ በጣም እወደዋለሁ። ኮንክሪቱ የጠጣውን በዚያው በመጠጣት ባሕርይ መልሶ ማውጣት ነው። ቆዳውም አይነካም። ትዕግሥት ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ለዝገት የእኔን ታሪክ ሰምታችኋል። ኦክሳሊክ አሲድ ያለበት የዝገት ማስለቀቂያ ከሃይድሮክሎሪክ ይልቅ ለዘብ ያለ ነው፣ ዝገቱንም በትክክል ይይዛል። እሱም ቢሆን መርዝ ነው፣ በጓንት ይያዝ። ከመጠቀማችሁ በፊት በማይታይ ጥግ ሞክሩት፣ ሲጨርስም በብዙ ውሃ አለቅልቁ። አትክልት ያላችሁ ሰዎች ደግሞ ማዳበሪያ ስትበትኑ ወደ ኮንክሪቱ የዘለሉትን ፍሬዎች ሳታጠጡ ጥረጉ። ብረት ያለበት ማዳበሪያ ሲረጥብ ኮንክሪቱን በቡናማ ነጠብጣብ ይሞላዋል።

ማስቲካ በበረዶ አቀዝቅዞ መፈቅፈቅ ወይም በእንፋሎት ማላላት ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ነጭ ዱቄት የሚያወጣ ኮንክሪትስ? ይህን ብዙ ሰው ሻጋታ ይመስለዋል። ጨው ነው። ውሃ ከውስጥ ሲወጣ የሟሟ ጨውና ኖራ ይዞ ይወጣል። ውሃው ይተናል፣ ነጩ ይቀራል። መጀመሪያ በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት። በውሃ ከጀመራችሁ ሟሙቶ ተመልሶ ይገባና ሲደርቅ እንደገና ይወጣል። እየተመላለሰ የሚወጣ ከሆነ ከሥር ወይም ከጎን ውሃ እየገባ ነው። ያንን ፈልጉ።

አልጌና የድንጋይ ሽበት የሚባለው በእርጥበትና በጥላ ይበቅላል፣ ሰውም ያንሸራትታል። በመግቢያ በር ላይ ከሆነ ነገ አትበሉ። ለማጥፋት አንድ እጅ በረኪና በአሥር እጅ ውሃ አቅጥኑ፣ አፍስሱ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሳይደርቅ ይቆይ፣ በብሩሽ እሹ፣ በደንብ አለቅልቁ። አጠገብ ያለውን ተክል ቀድማችሁም በኋላም በንጹሕ ውሃ አርጥቡ። ብረትም አይንካ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስምሬ ልናገር። በረኪናን ከአሲድ ጋር አትቀላቅሉ። ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ ሳንባ ያቃጥላል። አሞኒያ ካለበት ማጽጃም ጋር አትቀላቅሉ፣ እሱም መርዛም ጋዝ ያወጣል። ሁለቱ በአንድ ባልዲ ባይገናኙም አንዱ ሳይታጠብ ሌላው ከተደፋበት መሬቱ ላይ ይገናኛሉ። የዝገት ማስለቀቂያ በተደፋበት ቦታ በረኪና ሲጨመር ያየሁበት ቀን አለ። ሠራተኛው ዓይኑን ይዞ ሲሮጥ አልረሳውም። ደግነቱ ግቢው ክፍት ነበር። የማጽጃ ዕቃዎቻችሁን በሌላ ጠርሙስ ገልብጣችሁ አታስቀምጡ። በየራሳቸው ዕቃ፣ ስማቸው ተጽፎ ይቀመጡ።

ያጠባችሁበት ውሃስ የት ይሄዳል? ብዙዎች ግቢው ከጸዳ በኋላ አያስቡትም። የዝናብ ውሃ ማስወገጃ ብዙ ቦታ ሳይጣራ በቀጥታ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ ነው የሚገባው። እናንተ የለቀቃችሁት ዘይትና ሳሙና ዓሣ ያለበት ቦታ ይደርሳል። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት የማስወገጃውን አፍ ዝጉ። ውሃውን ሰብስባችሁ አካባቢያችሁ በሚፈቅደው መንገድ አስወግዱ። ስለ ደጃፋችን ስንጨነቅ የታችኛውን ሰው ውሃ አናበላሽ።

ማጽዳቱ ይህን ይመስላል። ጥገናው ላይ ሰዎችን በጣም የሚያስደነግጣቸው ስንጥቅ ነው። ሁሉም ስንጥቅ ግን እኩል አይደለም። እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ኮንክሪት ሲደርቅና ሲኮማተር የሚመጣ ነው። መከታተል ይበቃል። ጫፉን በእርሳስ ምልክት አድርጉ፣ ቀኑን ጻፉበት። ከስድስት ወር በኋላ ምልክቱን አልፎ ከሄደ፣ ከሰፋ፣ ወይም አንዱ ጎን ከሌላው ከፍ ካለ ከሥር የሚንቀሳቀስ ነገር አለ። ከስንጥቁ ቡናማ መስመር ከወጣ ደግሞ ውስጥ ያለው ፌሮ እየዛገ ይሆናል። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ እየገፋ ይሰነጥቀዋል። እነዚህን ለባለሙያ አሳዩ።

በኮንክሪቱ ላይ ሆን ተብለው የተቆረጡ ቀጥ ያሉ መስመሮችስ? ለጌጥ የሚመስሏቸው አሉ። እነሱ የኮንክሪቱ መተንፈሻ ናቸው። ኮንክሪት ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። መሰንጠቁ አይቀርም፣ ስለዚህ የት እንደሚሰነጠቅ አስቀድሞ ይነገረዋል። በተለምዶ ቁርጡ ከውፍረቱ አንድ አራተኛ ያህል ይጠልቃል። 10 ሴንቲሜትር ውፍረት ላለው ኮንክሪት በየ2.4 እስከ 3 ሜትር ይቆረጣል። እነዚህን መስመሮች በሲሚንቶ የሚደፍኑ ሰዎች አሉ፣ በቅን ልቦና ነው። ግን መተንፈሻውን ዘጉት፣ ኮንክሪቱ ሌላ ቦታ ይሰነጠቃል። የሚሞላው እንደ ጎማ የሚለጠጥ ማሸጊያ ነው። ፖሊዩረቴን ወይም ሲሊኮን ይሆናል። መጀመሪያ ሣሩንና አፈሩን አውጡ፣ ይድረቅ፣ ክብ የስፖንጅ ገመድ ከሥር አስገቡ፣ ከዚያ ማሸጊያውን ሙሉ። ከላዩ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቅር፣ ጎማና ጫማ እንዳይነቅለው። ውሃ በዚህ ካልገባ ከሥር ያለው አፈር ይቆያል፣ አፈሩ ከቆየ ኮንክሪቱ ይቆያል። ለጥገና አንድ ነገር ብቻ ማድረግ የምትችሉ ከሆነ ይህን አድርጉ እላለሁ።

አንዱ ጎን ከሌላው ከፍ ያለ ቦታ ካለ ቶሎ ይስተካከል። ሰው ሲሄድ እግሩን ከመሬት ብዙ አያነሳም። በአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ተደራሽነት መስፈርት ጠርዙ ተዳፋት ሳይደረግ የሚፈቀደው ከፍታ 6 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። የጣት ውፍረት እንኳን አይሞላም። አንዲት አሮጊት እናት ወይም ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያለ ሰው ደጃፋችሁ ላይ እንዴት እንደሚያልፍ አስቡ። ትንሹን ከፍታ መሞረድ ይቻላል። ግን በውሃ እያረጠቡ ይሠራ፣ የኮንክሪት አቧራ ውስጥ ያለው ሲሊካ ሳንባን ይጎዳል።

መሬቱ በረዶ በሚሆንበት አገር የምትሠሩ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ይሰፋል። ኮንክሪቱ የጠጣው ውሃ ውስጡ ሆኖ ሲሰፋ ቆዳውን ያፈነዳዋል። በረዶ ለማቅለጥ የሚበተን ጨው ችግሩን ያብሰዋል። አሞኒየም ናይትሬት ወይም አሞኒየም ሰልፌት ያለበትን ደግሞ ፈጽሞ አትጠቀሙ፣ ኮንክሪቱን ራሱን ያጠቃል። አካፋና አሸዋ ይሻላል።

ወደ ሁለቱ ቁራጮች ልመለስ። ውሃውን ያልጠጣው ማሸጊያ የተቀባው ነው። ይህ የሚቀባ ማሸጊያ መስመሮቹን ከምንሞላበት የተለየ ነው፣ በሁለትም ይከፈላል። አንደኛው እንደ ቀለም ላዩ ላይ ንጣፍ ሆኖ ይቀራል። ያብረቀርቃል፣ ያምራል። ግን ሲረጥብ ሊያንሸራትት ይችላል፣ ሲያረጅ ይላጣል፣ ከሥር የሚመጣ እርጥበት ካለ አረፋ ይሠራል። ሁለተኛው ወደ ውስጥ ይገባል። ሲሌን ወይም ሲሎክሴን የሚባሉት ናቸው። የቀዳዳዎቹን ግድግዳ ውሃ እንዲገፋ ያደርጋሉ፣ እንፋሎት ግን እንዲወጣ ይተዉታል። መልኩ አይለወጥም። ሰው ለሚረግጠው የሥራ ቦታ ደጃፍ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ምንም እንዳልተቀባ ስለሚመስል ደንበኞች ቅር ይላቸዋል። ውሃ ሲፈስበት ግን ልዩነቱን እናንተም አይታችኋል።

አዲስ ኮንክሪት ከሆነ ከመቀባታችሁ በፊት በተለምዶ 28 ቀን ጠብቁ። አሮጌ ከሆነ በደንብ ይታጠብ፣ በደንብም ይድረቅ። መድረቁን ለማወቅ 45 በ45 ሴንቲሜትር የሆነ ፕላስቲክ ዙሪያውን አጣብቃችሁ ቢያንስ ለ16 ሰዓት ተዉት። ስትገልጡት ከሥሩ ላብ ካለ ወይም ኮንክሪቱ ከጠቆረ ገና ነው። ከቀባችሁ በኋላ መቼ እንደሚደገም የሚነግራችሁ ያው የውሃ ጠብታ ነው። መጠጣት ከጀመረ ጊዜው ደርሷል።

ከመግባቴ በፊት በሩ ላይ ያገኘችኝ እህት ጥሩ ጥያቄ ጠይቃኛለች። "እኔ ራሴ አላጥብም፣ ሰው ነው የምቀጥረው፤ ጥሩውን በምን ልለየው?" አለችኝ። ልመልስላት። ሊያጥብ የመጣው ሰው ምን ያህል ማሽን እንዳለው ሲነግርሽ አትቸኩዪ። እድፉ ከምን እንደመጣ ይጠይቅሽ እንደሆነ እዪ። የሚጠቀምበትን ኬሚካል ስም ይንገርሽ፤ አሲድ ከሆነ ለምን እንደሆነ ያስረዳሽ። የታጠበው ውሃ የት እንደሚሄድ ጠይቂው። ከዚያ ከጀርባ፣ ሰው ከማያየው ጥግ፣ አንድ ካሬ ሜትር ብቻ እንዲያጥብ አድርጊው። እርጥብ እያለ አትፍረጂ፣ እርጥብ ኮንክሪት ሁሉ አንድ ይመስላል። በማግስቱ ሲደርቅ ሂጂና በመዳፍሽ ዳስሺው። ካልታጠበው ጎን የበለጠ ከሻከረ፣ ወይም አሸዋ እጅሽ ላይ ከቀረ፣ ደጃፉን አትስጪው።